ግጥም፣ ዜማ ወይስ ቅንብር? ኮሌጅ ከመምረጥ በፊት የሚነሳ ጥያቄ

ታናሽ እህቴ የ12ኛ ክፍል ውጤቷን ካየች ወዲህ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም በሚገኘው ቤታችን ወሬው ሁሉ አንድ ሆኗል፤ የሶፍትዌር ምህንድስና ማጥናት ትፈልጋለች፣ የዘፈን ድርሰትንም መተው አትሻም። እናታችን «መጀመሪያ እንጀራ የሚሆንሽን ያዢ» ትላለች፤ አልተሳሳተችም። እህቴ ግን ማታ ማታ ማሚቶው ይመቸኛል ብላ ደረጃው ላይ ትወጣና ስልኳን ከብረት መደገፊያው ጋር አስጠግታ አዲስ ዜማ ታንጎራጉራለች፤ በቀረጻዎቿ መሃል የጎረቤት ልጅ ጄሪካን እየጎተተ ሲወርድ ይሰማል።

የኮሌጆችን ዝርዝር ከማገላበጣችን በፊት አንድ ነገር እንድትለይ ጠየቅኳት። በአገራችን የዘፈን ሥራ አብዛኛውን ጊዜ ለሦስት ሙያ የተከፈለ ነው፤ የቆየ ካሴት ሽፋን ገልብጦ ያየ ሰው የግጥሙን፣ የዜማውንና የቅንብሩን ባለቤቶች ለየብቻ ተጽፈው ያገኛል። እነ አለምፀሐይ ወዳጆ እና ይልማ ገብረአብ በዘፈን ግጥም የታወቁት ለሌሎች ድምፃውያን በመጻፍ ነው። ስለዚህ የምትፈልገው ግጥሙን ከሆነ የአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ከማንኛውም ስቱዲዮ ይልቅ ይጠቅማታል፤ ዜማውን ከሆነ አራቱን ቅኝቶች፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺሆዬን፣ በጆሮዋም በእጇም ጠንቅቃ ማወቅ አለባት፤ ቅንብር ከሆነ ደግሞ ከኮምፒውተር ጋር የሚያያዝ ሙያ አብሮ መማሩ አይከፋም። እሷ ያለማመንታት «ዜማ» አለች፤ ምርጫችንንም በእጅጉ አጠበበው።

ለዜማ በቅድሚያ የሚታሰበው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ነው። እዚያ ክራር፣ ማሲንቆና ዋሽንት ከፒያኖ ጎን ለጎን ይሰጣሉ። ችግሩ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በመደበኛው መርሐ ግብር የሚማር ተማሪ የሚመደበው በአንድ የትምህርት ክፍል መሆኑ ነው፤ ምህንድስናንና ሙዚቃን በአንድ ጊዜ አጣምሮ መያዝ አይቻልም። ለቤታችን የሚቀርበው የአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ደግሞ ስሙ እንደሚናገረው የሙዚቃ ትምህርት ክፍል የለውም።

ውጭ አገር ነገሩ ሌላ ነው። ቦስተን የሚገኘው የበርክሊ ሙዚቃ ኮሌጅ የዘፈን ድርሰትን ራሱን የቻለ የዲግሪ ትምህርት አድርጎ ይሰጣል፤ ነገር ግን ለመግባት በድምፅ ወይም በመሣሪያ መፈተን ግድ ነው። በኦሃዮው ኦበርሊን ኮሌጅ ደግሞ የሙዚቃና የቀለም ትምህርት ሁለት ዲግሪዎች በአምስት ዓመት ይያዛሉ፤ ክፍያውን ሳስበው ግን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ለእኛ ቤት ያለ ሙሉ የትምህርት ዕድል የሚሞከር አይደለም። ሙላቱ አስታጥቄ ምህንድስና እንዲማር ወደ ዌልስ ተልኮ በመጨረሻ በርክሊ መግባቱን እህቴ ደጋግማ ታነሳብናለች፤ እናታችን በበኩሏ «እሱ ሙላቱ ነው» ብላ ታልፋታለች።

የእኔ ምክር ዲግሪውን ምህንድስና አድርጋ ዜማውን በሌላ መንገድ በትጋት እንድትማር ነው። የዜማ ደራሲን የሚያሳድገው በየጊዜው አንድ ዘፈን ጨርሶ ለሚያርም ጆሮ ማቅረብ ነው፤ አራሚው በግቢ ውስጥም ሆነ ውጭ ቢገኝ ለውጥ የለውም። ስለዚህ የሳይንስና ቴክኖሎጂውን በመጀመሪያ ምርጫነት ልታስመዘግብ ተስማምተናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜም መሃል ከተማ ወርዳ ክራር የሚያስተምራትና ዜማዋን የሚሰማላት መምህር እየፈለግን ነው። የታክሲውን ወጪ እናታችን ችላለች።