ጎሃ ዳገት ላይ ያገኘኋት ተጠባባቂ

ጎንደር የሄድኩት ለስራ ነው፣ ሻንጣ ውስጥ መጀመሪያ የገባው ግን የሩጫ ጫማዬ ነው። አውሮፕላኑ አዘዞ አርፎ ወደ ከተማ ስንወጣ ጀምሮ አይኔ መንገዱ ላይ ነበር፣ የቱ ጋ ይሮጣል የቱ ጋ ይከብዳል እያልኩ። ከተማዋ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ከአዲስ አበባ ትንሽ ዝቅ ትላለች፣ ሜዳ ግን ብዙም የላትም፣ ወይ ትወጣለህ ወይ ትወርዳለህ።

ጠዋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ከፒያሳ ተነሳሁ። የፋሲል ግንብን አጥር በሶምሶማ ዞሬ ሰውነቴ ሲሟሟቅ ወደ ጎሃ ዳገት አቀናሁ። ነጠላ የለበሱ እናቶች ከቤተክርስቲያን እየተመለሱ ነው፣ አንዷ ሲያዩኝ "አይዞህ ልጄ፣ በርታ" አሉኝ፣ እሱን ስሰማ እግሬ ቀለለኝ።

ዳገቱ ላይ ወጣቶች ልምምድ እየሰሩ ደረስኩ። አሰልጣኛቸው ሰዓት ይዞ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፣ እነሱ በፍጥነት ይወጣሉ፣ በሶምሶማ ይወርዳሉ፣ ደግሞ ይወጣሉ። የዳገት ስራ የሚያውቅ ያውቀዋል፣ ጭንና ባት ያጠነክራል፣ ጉልበት አንስቶ መሮጥ ያስለምዳል፣ ግን ሳንባህ የሚያቃጥልህ ሰዓት ላይ ጭንቅላትህ "በቃ ቁም" ይልሃል፣ ዋናው ስራ እዛ ጋ ነው። ላይ ሲደርሱ ሁሉም ጎንበስ ብለው ጉልበታቸውን ይይዛሉ። አንዲት ቀጭን ልጅ ግን አልያዘችም። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቀጥ ብላ ትቆምና ወዲያው ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ ታዞራለች። የቀኝ ጫማዋ ጎኑ ተቀዶ በወፍራም ጥቁር ክር ተሰፍቷል፣ ስፌቱ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለና ንፁህ ነው፣ በራሷ እጅ የሰራችው መሆኑን በኋላ ነገረችኝ።

ሲጨርሱ በሃይላንድ የበጠበጠችውን በሶ እየጠጣች አወራን። ለውድድር ከሚሄደው ቡድን ውስጥ ናት ወይ ብዬ ጠየቅኳት።

"ተጠባባቂ ነኝ ጋሼ።"

"ካልጠሩሽስ?"

"እሱን አላስብም። እኔን የሚያስፈራኝ ጠርተውኝ ሳልዘጋጅ ቢያገኙኝ ነው። ታምራትንስ ጠርተውት አይደል?"

ታምራት ቶላን ማለቷ ነው። በ2024 የፓሪስ ኦሎምፒክ ማራቶን ተጠባባቂ ነበር፣ ሲሳይ ለማ ተጎድቶ ሲወጣ ነው የገባው፣ ከዛ 2 ሰዓት ከ6 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ ሮጦ በኦሎምፒክ ሪከርድ አሸነፈ። በወንዶች ማራቶን ከገዛኸኝ አበራ የሲድኒ 2000 ድል በኋላ የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቃችን ነው። ኮርሱ ደግሞ ዳገታም ነበር፣ በድምሩ ከ430 ሜትር በላይ ያስወጣል። እንደዛ አይነት ሰዓት ስልክ ሲደወልልህ የምትጀምረው ነገር አይደለም፣ ማንም ሳይጠራው እየሰራ የቆየ ሰው ነው የሚሮጠው። በራስ መተማመን ሲባል እኔ አሁን የሚታየኝ ይሄ ነው፣ ውድድሩ የአንተ መሆኑ ሳይታወቅ እንደተመረጠ ሰው መልፋት።

ወደ ታች ስወርድ ምሩፅ ይፍጠር ትዝ አለኝ። ሙኒክ 1972 ኦሎምፒክ ላይ በ10,000 ሜትር ነሐስ አመጣ፣ የ5,000 ሜትሩ ውድድር ግን አመለጠው። በ1976 ደግሞ የአፍሪካ አገሮች በአፓርታይድ ጉዳይ ሞንትሪያልን ሳይወዳደሩ ቀሩ፣ እሱም ቀረ። ማርሽ ቀያሪው የምንለው ምሩፅ ሞስኮ 1980 ላይ ነው ሁለቱንም ርቀት የወሰደው። ከሙኒክ እስከዛ 8 አመት ነው! በሯጭ እድሜ 8 አመት ስንት እንደሆነ አስቡት። እኛ ግን አንድ ልጅ ውድድር አቋርጦ ሲወጣ ስልካችን ላይ ቁጭ ብለን ስድብ እናወርድበታለን፣ ይሄ ነገር በጣም ያሳዝነኛል።

በማግስቱም ከነሱ ጋር ወጣሁ። ልጅቷ ከቡድኑ ዋና ሯጭ ጀርባ ሁለተኛ ሆና ጨረሰችና "አንድ ልድገም" አለች። አሰልጣኙ ሰዓቱን ኪሱ ከተተ። "በቃሽ የኔ ልጅ፣ ነገም ዳገቱ እዚሁ ነው" አላት፣ እሷም ሳትከራከር ቱታዋን ለበሰች። ለእኔ ለብቻዬ ሲነግረኝ ሰዓቷ ገና እንደሚቀረው አልደበቀኝም፣ "ግን መጥታ የቀረችበት ቀን የለም" አለኝ።

የእግሯን ቁጥር ጠይቄያለሁ፣ 38 ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ዙሪያ ያሉትን ሱቆች ማየት ጀምሬያለሁ፣ ጥሩ የመሮጫ ጫማ በደህና ዋጋ የት እንደሚገኝ የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ፣ ወደ ጎንደር የሚሄድ ጓደኛ አለኝ፣ በሱ እልክላታለሁ።