ከጓደኛ መሳቢያ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ

በተማሪዎች መኝታ ክፍል አንቲባዮቲክ ከሐኪም እጅ ይልቅ ከመሳቢያ ይገኛል። አንዱ ባለፈው ታሞ የተረፈው አራት እንክብል አሞክሲሲሊን አለው። ጉሮሮውን ላመመው ጓደኛው «እኔን ወዲያው ነው ያሻለኝ» ብሎ ይሰጠዋል። ሁለቱም ጀርሞች መድኃኒት እንደሚላመዱ ሰምተዋል፤ የጤና ተማሪዎች ከሆኑማ ለፈተና ጽፈውታል። በእኔ አስተያየት «ግንዛቤ የለም» ብሎ ማለፍ ብዙም አይጠቅምም። ሰው የሚሳሳተው በዝርዝሩ ላይ ነው።

ከጉሮሮው እንጀምር። አሞክሲሲሊን ባክቴሪያን የሚገድለው የሕዋስ ግድግዳውን እንዳይሠራ በመከልከል ነው። ቫይረስ ይህ ግድግዳ ስለሌለው ጉንፋንና ኢንፍሉዌንዛ ላይ መድኃኒቱ ምንም አያደርግም። ሰውን የሚያታልለው የበሽታው ሂደት ነው፦ ጉንፋን በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ይብስና ከዚያ በራሱ እየቀለለ ከ7 እስከ 10 ቀን ውስጥ ይለቃል። በሦስተኛው ቀን የተዋጠ እንክብል ያልሠራበትን ምስጋና ይወስዳል። ንፍጥ አረንጓዴ ወይም ቢጫ መሆኑም ባክቴሪያ መኖሩን አያረጋግጥም፤ ቀለሙ የሚመጣው ከነጭ የደም ሕዋሳት ነው።

የጉሮሮ ሕመም ከሳልና ከንፍጥ ጋር ከመጣ ወደ ቫይረስ ያደላል። ሳል ሳይኖር ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት፣ ቶንሲል ላይ ነጭ መግልና ሲነኩት የሚያም የአንገት ንፍፊት ከታየ ግን የጉሮሮ ናሙና መመርመር ያስፈልጋል። በዚህ ዕድሜ የሚዘነጋ ሌላም ነገር አለ። የኤፕስታይን ባር ቫይረስ በወጣቶች ላይ ቶንሲልን የሚመስል ሕመም ያመጣል፤ በዚህ ሕመም ጊዜ አሞክሲሲሊን የወሰደ ሰው መላ ሰውነቱን ሽፍታ ሊወርሰው ይችላል። አሞክሲሲሊን የፔኒሲሊን ዘር ስለሆነ ከዚያ «ፔኒሲሊን አይስማማውም» ተብሎ ይመዘገብና ለዓመታት ጥሩ መድኃኒት ያለ ምክንያት ይከለከላል።

ሕመሙ በእርግጥ የባክቴሪያ ቢሆንስ? አራቱ እንክብል በየ8 ሰዓቱ ቢወሰድ ከአንድ ቀን ብዙም አያልፍም። አሞክሲሲሊን ከደም ውስጥ በአንድ ሰዓት ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ የሚሠራውም መጠኑ ከተወሰነ ደረጃ በላይ እስከቆየ ድረስ ነው። ስለዚህ «በቀን ሦስት ጊዜ» የተባለውን ከቁርስ፣ ከምሳና ከእራት ጋር ማያያዝ ሌሊቱን ክፍት ይተወዋል። ጠዋት 1 ሰዓት፣ ቀን 6 ሰዓትና ምሽት 12 ሰዓት የወሰደ ሰው እስከ ማግስቱ ጠዋት ለ13 ሰዓታት ያህል ያለ መድኃኒት ያድራል። ጠዋት 12፣ ቀን 8 እና ማታ 4 ሰዓት ብሎ ስልክ ላይ ማንቂያ መሙላት ይሻላል።

የሚላመደው የሰውየው ሰውነት ሳይሆን ባክቴሪያው ነው። በአንጀት ውስጥ የሚኖሩ ጤናማ ባክቴሪያዎችም በየዙሩ ይመታሉ፤ የተረፉት የመቋቋሚያ ጂናቸውን ለሌላ ዝርያ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። አንቲባዮቲክ ቀምሶ የማያውቅ የክፍል ጓደኛም የተላመደውን ጀርም ሊጋባበት ይችላል ማለት ነው።

ሲፕሮፍሎክሳሲን (ሲፕሮ) የተባለው አንቲባዮቲክ ለብቻው ይነሳ፤ ተማሪ የሚጎዳበት መንገድ ብዙ ነው። ጉበት ካፌይንን የሚያስወግድበትን ኢንዛይም ስለሚያግድ በፈተና ሰሞን ከቡና ጋር ሲገናኝ እንቅልፍ ማጣት፣ መንቀጥቀጥና የልብ ምት መፍጠን ያመጣል። ወተት፣ ካልሲየም፣ አይረንና የጨጓራ ማስታገሻ ደግሞ ይይዙትና ወደ ደም እንዳይገባ ያደርጉታል፤ ከእነርሱ 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ቆይቶ ይወሰዳል። ጅማትንም ሊጎዳ ስለሚችል የተረከዝ ጅማት ሕመም የተሰማው ስፖርቱን አቁሞ ሐኪም ያማክር። ለተራ ተቅማጥ ከሲፕሮ ይልቅ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ኦአርኤስ (በውኃ የሚበጠበጥ የጨውና የስኳር ድብልቅ) ነው፤ ደም ወይም ከፍተኛ ትኩሳት ካለ ወደ ክሊኒክ ነው። በሐፍረት ተደብቆ ጨብጥን በሲፕሮ ማከምም ከንቱ ድካም ነው፤ ጀርሙ መድኃኒቱን በሰፊው ስለተላመደ ለዚህ ሕመም አይመከርም። ምርመራ ያስፈልጋል፣ የፍቅር ጓደኛም አብሮ ይታከማል።

ብጉር ለማከም ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ የታዘዘለት ተማሪ ማታ በአንድ ጉንጭ ውኃ ውጦ ወዲያው ከተኛ እንክብሉ የምግብ ቧንቧ ላይ ተጣብቆ ሊያቆስለው ይችላል። በሙሉ ብርጭቆ ውኃ ዋጡት፤ ከዚያ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ሳትተኙ ቆዩ። እንክብል ከፍቶ ዱቄቱን ቁስል ላይ መነስነስን ግን ተዉት፤ ቁስል በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠባል።

«መድኃኒታችሁን ጨርሱ» የሚለው ምክር የሚሠራው መጀመሪያውኑ በትክክል ለታዘዘ መድኃኒት ብቻ ነው። ቆይታውም ይለያያል፦ ለስትሬፕ ጉሮሮ (ስትሬፕቶኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ለሚመጣ የጉሮሮ ሕመም) ፔኒሲሊን ብዙ ጊዜ 10 ቀን፣ ላልተወሳሰበ የሴቶች የሽንት ፊኛ ኢንፌክሽን ናይትሮፉራንቶይን 5 ቀን። ከክሊኒክ ከመውጣታችሁ በፊት «ለምን ሕመም፣ በየስንት ሰዓቱ፣ ለስንት ቀን?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ማሸጊያው ላይ ጻፉት። አንድ ፍሬ ከረሳችሁ ባስታወሳችሁ ጊዜ ውሰዱት፤ ቀጣዩ ከደረሰ ግን የተረሳውን ዝለሉት እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አትዋጡ። ከንፈር ወይም ፊት ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ መድኃኒቱን አቁሞ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

በሐኪም ትእዛዝ ተቀይሮ የተረፈ ካለ ፋርማሲው ይቀበል እንደሆነ ጠይቁ። ካልተቀበለ ከማሸጊያው አውጥታችሁ ከአፈር ወይም ከቡና አተላ ጋር ቀላቅሉት፤ በላስቲክ አጥብቃችሁ ቋጥራችሁም ከቆሻሻ ጋር ጣሉት፤ ሽንት ቤት ውስጥ አትጨምሩት።