«ጥገኛ» ያልኩበት ቀን

ጃንዋሪ 2020 ነው፤ በፈረንጆቹ። ማድሪድ ውስጥ፣ እኛ አበሾች «ኤክስትራንሄሪያ» የምንለው የውጭ ዜጎች ጉዳይ ቢሮ ተቀምጠናል። እማማ ነጠላቸውን አጣፍተዋል። ልጃቸው ፋይሉን ጉልበቱ ላይ ይዟል። እኔ መሃላቸው ነኝ፤ አስተርጓሚ። ጠበቃው ዘግይቶ ደርሶ ከኋላችን ቆሟል።

ልጅየው ስፔን ከገባ 20 ዓመት አልፎታል። ዜግነቱን ከወሰደም ቆይቷል። እናቱ ከጎጃም በ71 ዓመታቸው ቪዛ አግኝተው መጡ። በሦስት ወራቸው ውስጥ ለታርሄታ፣ ማለትም ለመኖሪያ ፈቃድ ካርድ፣ አመለከትንላቸው። ያኔ የምንሠራው በ2007ቱ ደንብ ነበር። በዚያ ደንብ እናት መሆን ብቻውን አይበቃም። አገርሽ ሳለሽ ልጅሽ ይረዳሽ እንደነበር ማሳየት አለብሽ። ቃሉ በስፔንኛ «አ ካርጎ» ነው። ፋይሉ የሚወድቀውም የሚቆመውም በዚህ ቃል ነው።

በወረቀቱ በኩል ብዙ ደክመናል። የልደት ምስክር ወረቀቱ አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሄዶ፣ ከዚያ የስፔን ኤምባሲ ማኅተም ተመቶበት መጣ። አንዴ «የትውልድ ዓመቱ አይገጥምም» ተባልን። ልዩነቱ 8 ዓመት ነው። አንዱ ወረቀት በእኛ አቆጣጠር፣ ሌላው በፈረንጅ ተጽፏል። ሌላ ጊዜ ደግሞ «እናትና ልጅ በስም አይገናኙም» ተባልን። እዚህ አገር ሰው ሁለት የቤተሰብ ስም አለው፤ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት። የልጅየውን የአያት ስም የእናቱ ወገን ስም አድርገው አዩት። የኛ ስም እንዴት እንደሚሄድ በደብዳቤ አስረዳን። ይኼ ሁሉ ተፈታ።

ያልተፈታው የገንዘቡ ነገር ነው። ልጅየው በየወሩ 150 ዩሮ ይልካል። አንድም ወር አላጓደለም። ግን የሚልከው አገር ቤት በሚገባ ሰው እጅ ነው። በደረሰኝ የላከው በሦስት ዓመት ውስጥ 5 ጊዜ ብቻ ነው። ብዙዎቻችን እንደዚያ ነበር የምንልከው። 5 ደረሰኝ ይዘን ገባን። ቢሮው «እናትየዋን አምጡና እንጠይቃቸው» አለ።

ሠራተኛዋ በዕድሜ ጠና ያለች ሴት ናት። ክፉ አልነበረችም። እማማ ደረጃው አድክሟቸው ስለነበር ውሃ አመጣችላቸው። ስም ጠየቀች፤ ዕድሜ ጠየቀች፤ ስንት ልጅ እንዳላቸው ጠየቀች። ከዚያ ዋናውን አመጣችው።

«ኤስታ ኡስቴድ አ ካርጎ ዴ ሱ ኢሆ?»

ያን ሰሞን አብዛኛው ሥራዬ የጥገኝነት ጠያቂዎች ጉዳይ ነበር። በቀን ስንት ጊዜ «ጥገኝነት» እንደምል እኔ ነኝ የማውቀው። ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። መዝገበ ቃላቱም ከዚያ አይርቅም። ሳላመነታ ጠየቅኳቸው።

«እማማ፣ የልጅዎ ጥገኛ ነዎት ወይ ነው የምትለው።»

ፊታቸው ሲለወጥ አየሁ። ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሳብ አደረጉና ቀና ብለው ተቀመጡ።

«እኔ? እኔ የማንም ጥገኛ አይደለሁም! ባሌ ከሞተ ጀምሮ አራት ልጅ ያሳደግኩት የሰው ፊት ሳላይ ነው። ቤቴ የራሴ ነው። ልጄ ላይ ሸክም ልሆን አልመጣሁም። እንዲህ ብለሽ ንገሪያት።»

ልጅየው አማርኛ ያውቃል፤ ስፔንኛም ያውቃል። ፋይሉን ጨብጦ ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ። ከመግባታችን በፊት ጠበቃው ኮሪደር ላይ ያስጠነቀቀኝ ትዝ አለኝ፦ «አንቺ መስታወት ነሽ፤ አትጨምሪ፣ አትቀንሺ።» አልጨመርኩም፤ አልቀነስኩም። ሸክም በስፔንኛ «ካርጋ» ነው። ከ«አ ካርጎ» ጋር ከአንድ ግንድ የወጣ ቃል ነው። እማማ «ሸክም አይደለሁም» ሲሉ ሴትየዋ የሰማችው «ልጄ አይረዳኝም» ብለው ነው። እንደዚያው ጻፈችው። የኪቦርዱ ድምፅ እስከ ዛሬ ይሰማኛል።

ቃሉ ተነቦ ሊፈረም ሲል መታገሥ አቃተኝ።

«ሴኞራ፣ ጥያቄውን ያቀረብኩበት ቃል ልክ አልነበረም። በሌላ ቃል ልድገመው?»

ጠበቃው ትከሻዬን ነካ አደረገኝ፤ ዝም በይ ለማለት ነው። ሴትየዋ ግን እጇን ከኪቦርዱ አንስታ «ይቀጥሉ» አለችኝ።

«እማማ፣ ማነው የሚጦርዎት?»

«ይኼ ደግሞ ይጠየቃል? ልጄ ነዋ! እሱ ባይኖር ምን በልቼ አድር ነበር? ጤፉ በሱ፣ ዘይቱ በሱ፣ የደም ግፊት መድኃኒቴ በሱ። ጧሪ ቀባሪዬ እኮ ነው! ዕድሜውን ያርዝምልኝ።»

ድምፃቸው ተለውጧል። ደረታቸውን ነፍተው ነው የተናገሩት። የዛሬ ሁለት ደቂቃ የተሰደቡ ሴት አይመስሉም። በእኛ ዘንድ በልጅ መጦር ማዕረግ ነው፤ ወልዶ የማሳደግ ዋጋ ነው። ጥገኛ መሆን ደግሞ ውርደት ነው። ሕጉ የጠየቀው አንድ ነገር ነበር። እኔ ግን በውርደቱ ስም ጠራሁት።

ሴትየዋ ሁለቱንም መልስ ጻፈች። እማማ ፈረሙ።

ፌብሩዋሪ መጨረሻ ላይ መልሱ መጣ፤ ተከልክሏል። ደረሰኙ ጥቂት ነው። የአመልካቿ ቃል እርስ በርሱ ይቃረናል። ሁለተኛው መልስ የተሰጠው አስተርጓሚዋ ጥያቄውን ከለወጠች በኋላ ነው። ጠበቃው ለልጅየው በጻፈው ኢሜይል «የአስተርጓሚ ስህተት» አለው። አልተከራከርኩም፤ ስህተቴ ነው። ግን አንድ ነገር እዚህ ልናገር። ያ ጠበቃ እማማን መጀመሪያ ያያቸው በዚያ ጠዋት ነው። ለሁለት ወር ፋይላቸው ጠረጴዛው ላይ ሲከርም አንድ ቀን ጠርቶ አላነጋገራቸውም። ከጥያቄው በፊት 10 ደቂቃ አብረን ብንቀመጥ ኖሮ ቃሉን እዚያው እናገኘው ነበር። እኔም «ልያቸው» ብዬ አልጠየቅኩም።

ይግባኙ በአንድ ወር ውስጥ መግባት ነበረበት። ስለ «ጥገኛ» እና ስለ «ጧሪ» ሁለት ገጽ ጻፍኩ። ጠበቃው የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2007 በአንዲት ቻይናዊት እናት ጉዳይ የሰጠውን ውሳኔ ጨመረበት። ፍርድ ቤቱ ያለው ግልጽ ነው። የሚታየው እናትየዋ በአገሯ ሳለች ለመሠረታዊ ኑሮዋ እርዳታው ያስፈልጋት ነበር ወይ የሚለው ነው። ለምን እንዳስፈለጋት መመርመር አያስፈልግም። እማማ ቤት አላቸው፤ ግን ቤት አይበላም። እኔ ይኼ ይበቃል ብዬ ነበር።

አስገባን። ማርች 14 አገሩ በኮሮና ተዘጋ። የመንግሥት ቢሮ ቀነ ገደቦች ሁሉ እስከ ጁን 1 ቆሙ። እማማ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ሊፍት በሌለበት ቤት፣ መስኮት ላይ ተቀምጠው ከረሙ። መልሱ በመከር መጣ። አሁንም አይሆንም። ልጅየው ፍርድ ቤት ለመሄድ አቅም አልነበረውም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እንቅልፍ የሚነሳኝ። እማማ ያለ ወረቀት ቀሩ። ከወጡ መመለሻ የላቸውም። በ2021 ታላቅ ወንድማቸው አገር ቤት ሞተ። አሳዳጊያቸው ነበር። መሄድ አልቻሉም። የወንድማቸውን ቀብር በስልክ ሰሙት።

ለቅሶ ልደርስ ሄድኩ። ማቅ የመሰለ ጥቁር ለብሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጠዋል። ሰው ሲቀንስ ጠጋ ብዬ ነገርኳቸው። «እማማ፣ ያን ቀን በሌላ ቃል ብጠይቅዎ ኖሮ ዛሬ ቀብር ደርሰው ይመለሱ ነበር» አልኳቸው። ይቅርታ ጠየቅኳቸው። የተናገሩትን ቃል በቃል ይዤዋለሁ።

«ልጄ፣ ስታስተካክዪ እኮ አይቻለሁ። ደግሞ ያልኩትን መልሺው ብትዪኝ አልመልሰውም። ሸክም አይደለሁም ነው ያልኳት። ዛሬም አይደለሁም። ወረቀት ቢሰጡኝ ባይሰጡኝ ይኼ አይለወጥም።»

ቡና ቀድተው ሰጡኝ። እያለቀስኩ ጠጣሁት።

ኦገስት 2022 ደንቡ ተለወጠ። የስፔናዊ ወላጅ ዕድሜው ከ65 ካለፈ፣ ልጁ እንደሚጦረው ማስረዳት ቀረለት። ወላጅና ልጅ መሆናቸውን የሚያሳይ ወረቀት በቂ ሆነ። እዚሁ ያለ ወረቀት የቆየም ማመልከት ቻለ። ኦገስት 16 ደንቡ ሥራ ላይ ሲውል የእማማን ፋይል እኔ ራሴ አዘጋጀሁት። 74 ዓመታቸው ነበር። የ5 ዓመት ፈቃድ ወጣላቸው። አሻራ ሲሰጡ አብሬያቸው ነበርኩ። ጣታቸው በሥራ ብዛት አልቆ መሣሪያው ሦስት ጊዜ አላነበበላቸውም። በአራተኛው ያዘ።

ስንወጣ ክንዴን ያዙኝ። «ማን እንደሚጦረኝ ሳይጠይቁኝ ነው?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ዘንድሮ አይጠይቁም።»

«ቢጠይቁኝ ጥሩ ነበር። በደንብ እነግራቸው ነበር።»

ካርዱ በመጣ በወሩ አገር ቤት ገቡ። መጀመሪያ የሄዱት ወንድማቸው መቃብር ነው።

ከሜይ 20 ቀን 2025 ጀምሮ የሚሠራው አዲሱ ደንብ ለስፔናውያን ቤተሰብ የራሱን ፈቃድ አውጥቷል። ብዙ ጥሩ ነገር አለው፤ ልጆች እስከ 26 ዓመታቸው ይገቡበታል። ለወላጆች ግን «አ ካርጎ» ተመልሷል። ስለዚህ እኔም ወደ ጥያቄው ተመልሻለሁ። አሁን አዲስ ቤተሰብ ሲመጣ ከጠበቃው በፊት ወላጅየውን ለብቻቸው አገኛለሁ። ቡና እንጠጣለን። ደረሰኝ አስቀድሜ አላነሳም።

ባለፈው ሳምንት አንድ አባት ከወሎ መጥተው ነበር፤ 68 ዓመታቸው ነው። ሴት ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣለች። ቃሉን በጥንቃቄ መርጬ፣ በአክብሮት ጠየቅኳቸው።

«አባባ፣ ማነው የሚጦርዎት?»

ልጃቸውን አዩዋት። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ኧረ እኔ ገና ጉልበት አለኝ፤» አሉ።