የቻይንኛ ደብዳቤ ልምምዴ፦ ባዶ ቦታውም ይነበባል

ቻይንኛ መናገሩ ትንሽ ሲቀናኝ ፊቴን ወደ ደብዳቤ አዞርኩ። ኢሜይል ማለቴ አይደለም። የድሮውን ነው፣ ከላይ ወደ ታች፣ ከቀኝ ወደ ግራ የሚጻፈውን፣ የአክብሮት አጠራሩ ማለቂያ የሌለውን። ቻይንኛ መማር አብረን የጀመርን ሰዎች “ይሄ ዛሬ ለማን ይጠቅማል?” ማለታችሁ አይቀርም። ታይዋን ውስጥ እስካሁን በትምህርት ቤት ይማሩታል፣ ፈተና ላይም ይመጣል። ለእኔ ግን ዋናው ምክንያት ደስ ማለቱ ነው።

እስካሁን ያየሁትን ላካፍላችሁ። ቃላቱ አይከብዱም። ለወላጅ ይሄ፣ ለመምህር ይሄ፣ ለጓደኛ ይሄ ተብሎ በሰንጠረዥ ተዘርዝሮ ይገኛል፣ ሸምድዶ መያዝ ነው። ወገብ የሚያጎብጠው አቀማመጡ ነው። እኛ በአማርኛ አክብሮቱን ግሱ ይሸከምልናል። አንዴ “እርስዎ” ካልን በኋላ መጡ፣ ጻፉ፣ ይቀመጡ እያልን እስከ መጨረሻው እንዘልቃለን። የቻይንኛ ግስ ግን ለንጉሥም ለሕፃንም ያው ነው፣ ንቅንቅ አይልም። እንደ እኔ ግምት ለዚህም ይሆናል አክብሮቱ ወረቀቱ ላይ የሰፈረው። ማን ከፍ ብሎ ተጻፈ፣ ማን አነሰ፣ ከማን ስም በፊት ባዶ ቦታ ተተወ፣ ይሄ ሁሉ ይነበባል።

ይህን አጻጻፍ ታይቶው ይሉታል። ሁለት ዓይነቱን በብዛት እጠቀማለሁ። አንደኛው የተቀባዩን ስም ወይም እሱን የሚመለከት ቃል ላይ ስትደርሱ፣ መስመሩ ገና ግማሽ ላይ ቢሆንም እዚያው ትታችሁት ወደ ቀጣዩ መስመር አናት መውጣት ነው። ሁለተኛው ቀለል ይላል፣ እዚያው መስመር ላይ የአንድ ፊደል ቦታ ክፍት ትቶ መቀጠል ብቻ ነው። በቺንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን (ከ1644 እስከ 1912) ነገሩ የከረረ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱን የሚመለከት ቃል ሲመጣ ከሌሎቹ መስመሮች አናት በላይ፣ እንደ ክብደቱ አንድ፣ ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ያህል ወጣ ብሎ ይጻፋል። ለሹመት በሚያበቃው ፈተና ላይ ይህን ያዛነፈ ሰው፣ መልሱ ምንም ያህል ቢያምር፣ ከፈተናው ሊሰረዝ ይችል ነበር።

ስለ ራሳችሁ ስትጽፉ ደግሞ ተቃራኒው ነው። “እኔ ልጅዎ”፣ “እኔ ተማሪዎ” የሚለው ቃል ፊደሉ አነስ ይልና ከመስመሩ መሀል ትንሽ ወደ ቀኝ ፈቀቅ ብሎ ይቀመጣል። ወረቀቱ ላይ ጥግ ይዞ የቆመ ሰው ይመስላል።

አሁን እየተለማመድኩ ያለሁት ለቀድሞ መምህሬ የሚሆን ደብዳቤ ነው። ስማቸውና “መምህር” የሚለው ከተጻፈ በኋላ ሃንጃንግ የሚል ቃል ይከተላል። ጃንግ የርዝመት መለኪያ ነው፣ በዛሬው ልክ ሦስት ሜትር ከሠላሳ ገደማ። በጥንቱ የሥርዓት መጽሐፍ በመምህርና በተማሪ ምንጣፍ መካከል አንድ ጃንግ ክፍት ይተው ይላል፣ መምህሩ እጁን ዘርግቶ እያመለከተ ለማስረዳት እንዲበቃው። ስለዚህ መምህሩን የምንጠራው በዚያ ባዶ ቦታ ነው ማለት ነው። ለወላጅ ሲሆን ሺሽያ ነው የሚባለው፣ ከጉልበታችሁ ሥር እንደማለት፣ ልጅ ከእናት ከአባቱ እግር ሥር የሚያድግበትን ጊዜ ያስታውሳል። ለብዙ ሰው የሚሆነው ታይጅየን ነው። ግራ ከተጋባችሁ እሱን ያዙ፣ አያሳፍራችሁም።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ፣ ሥራው ያለው እዚያ ነው። ባህላዊው የደብዳቤ ወረቀት በቀጫጭን ቀይ መስመሮች ስምንት ቦታ የተከፈለ ነው። ከመለመዱ የተነሣ “ስምንት መስመር” ማለት ራሱ ደብዳቤ ማለት ሆኗል። ታይቶው ሲበዛ መስመሮቹ ከታች ይጎድላሉ፣ አንዱ ግማሽ ላይ ይቀራል፣ ሌላው ከዚያም በፊት። ሁሉም መስመር እንዲህ እግሩ ተንጠልጥሎ ከቀረ ነውር ነው፣ ቢያንስ አንዱ እስከ ታች መድረስ አለበት። አንድ ፊደል ብቻውን መስመር አይሆንም፣ አንድ መስመርም ብቻውን ገጽ አይሆንም። የሰው ስም ደግሞ መስመር ጫፍ ላይ ለሁለት አይሰነጠቅም። እነዚህ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ሲገናኙ ጉድ ይፈላል። የመምህሬን ስም ወደ አናት ላውጣ ስል የፊተኛው መስመር ይጎድላል፣ እሱን ልሙላ ብዬ ዓረፍተ ነገር ሳስረዝም የመጨረሻዋ ፊደል ብቻዋን ወደ አዲስ መስመር ትወርዳለች። መላው በእርሳስ ረቂቅ መሥራት፣ ፊደል መቁጠር፣ ከዚያ ቃል መቀያየር ነው። ጨዋታው እዚህ ላይ ነው የጣመኝ።

ሌላ የእጅ ነገር፦ በቀኝ እጃችሁ በእስክሪብቶ የምትጽፉ ከሆነ፣ ከቀኝ ወደ ግራ ስትሄዱ መዳፋችሁ ያልደረቀው ቀለም ላይ ያርፋል። ቁራጭ ወረቀት ከእጃችሁ ሥር አድርጉ። ቀለሙ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ይሁን፣ ቀይ አይሆንም። እኛ ብራና ላይ የእግዚአብሔርንና የቅዱሳንን ስም ለክብር በቀይ እንጽፋለን፣ እዚያ ግን በቀይ የተጻፈ ደብዳቤ “ከዛሬ ጀምሮ አንተዋወቅም” ማለት ነው።

የቤተሰብ አጠራሩን ቶሎ ልለፈው፣ ሦስት ቃል ከያዛችሁ ይበቃል። የራሳችሁን ታላላቆች በጅያ ትጀምራላችሁ፣ የራሳችሁን ታናናሾች በሸ፣ የተቀባዩን ቤተሰብ ግን ትልቁንም ትንሹንም በሊንግ። የእኔ አባት ጅያፉ፣ የእርስዎ አባት ሊንግዙን።

ይህ ሁሉ ሥርዓት ዋናውን ወሬ አይውጠውም ወይ ላላችሁኝ፣ አንዳንዴ ይውጠዋል። በአራተኛው መቶ ዘመን የኖረው ታላቁ የቁም ጽሕፈት ሊቅ ዋንግ ሺጂ የጻፋት አጭር ደብዳቤ አለች። ቅጂዋ ታይፔ በሚገኘው የቤተ መንግሥት ሙዚየም ተቀምጣለች። በረዶ ጥሎ ሰማዩ ጠራ፣ ደህና እንደሆንክ ተስፋ አለኝ፣ ያ ነገር አልተሳካም፣ ወሬው ይኸው ነው። ጠቅላላዋ 28 ፊደል ናት። ከነዚህ ውስጥ 13ቱ ስምና እጅ መንሻ ናቸው። “ሺጂ ለጥ ብሎ እጅ ይነሳል” ብሎ ይጀምራል፣ “ዋንግ ሺጂ ለጥ ብሎ እጅ ይነሳል” ብሎ ይጨርሳል፣ ከዚያ የተቀባዩ ስም። ግማሽ ሊሆን ምን ቀረው? ግን ደረቅ አይደለችም፣ ደጋግሜ ባነበብኳት ቁጥር ሰውየው ጎንበስ ሲል ይታየኛል።

የዛሬውን የዋና ቻይና ደብዳቤ የምትማሩም ብትሆኑ ታይቶው አልለቀቃችሁም። መዝጊያው ላይ “ትስዢ”፣ ይህን አቀርባለሁ እንደማለት፣ የሚለውን የሁለት ፊደል ያህል ገባ አድርጋችሁ ትጽፉና፣ “ጂንግሊ” የሚለውን በቀጣዩ መስመር ያለ ምንም ክፍተት ከዳር ትጀምሩታላችሁ አይደል? ጂንግሊ ለተቀባዩ የሚቀርበው ሰላምታ ስለሆነ ነው አናት ላይ የወጣው። ጽሑፉ ከቁመት ወደ አግድም ዞሮም ልማዱ ቀጥሏል።

አሁን የቀረኝ ፖስታው ነው። ባህላዊው ፖስታ መሀሉ ላይ ቀይ ሳጥን አለው፣ የተቀባዩ ስም እዚያ ይገባል። ውስጥ “አባቴ” ብላችሁ ብትጽፉም ውጭ ላይ አይባልም፣ ምክንያቱም ፖስታውን የሚያነበው ፖስተኛው ነው፣ የእሱ አባት አይደሉም። ስለዚህ “አቶ እገሌ” ይሆናል። ከስሙ በታች “ቺ”፣ ይክፈቱት፣ የሚል ፊደል ይጨመራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ትሕትና መስሎት “ጂንግ ቺ” ይላል። ጂንግ የራስን አክብሮት መግለጫ ነው፣ ፖስታ ላይ ሲወጣ ግን ተቀባዩን “በአክብሮት ክፈተው” ብሎ ማዘዝ ይሆናል። ለፖስት ካርድ ደግሞ “ቺ” ራሱ አያስፈልግም፣ “ሾው”፣ ይቀበሉት፣ በቂ ነው። የሚከፈት ነገር የለማ!

ቀጣዩ ልምምዴ የሐዘን ደብዳቤ ነው፣ አጠራሩ ሌላ ሰንጠረዥ አለው። የሞከራችሁ ካላችሁ የገጽ አከፋፈላችሁን ፎቶ አንስታችሁ አሳዩኝ።