ፀሐይ ብዬ ገብቼ ውል ሳነብ ከረምኩ

አገር ቤት መብራት ሲሄድ የምንራገመው መብራት ኃይልን ነበር። ከዴንቨር ወጣ ብሎ ገጠር ውስጥ ቤት ስገዛ ግን የመጀመሪያው ቢል ላይ «ውድ አባላችን» የሚል አየሁ። ለካስ ደንበኛ ብቻ ሳልሆን ባለቤትም ነኝ። አሜሪካ ውስጥ እንዲህ ያሉ የኤሌክትሪክ ኅብረት ሥራ ማኅበራት ወደ 900 ይጠጋሉ። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የግል ኩባንያዎች ተራርቆ ለሚኖር ገበሬ ሽቦ መዘርጋት አያዋጣንም ብለው ሲተዉት፣ ገበሬው ተደራጅቶ ከመንግሥት እየተበደረ የራሱን መስመር ዘረጋ። አሠራሩ በአጭሩ እድር ነው። ሺህ ሄክታር የሚያርሰውም፣ እንደኔ ሦስት ክፍል ቤት ያለውም እኩል አንድ ድምፅ አለው። ትርፍ ሲገኝ በየአባሉ ስም ይያዛል። እንደ እድሩም ሃያ ዓመት ከወንበሩ ያልተነሳ ዳኛ አይጠፋውም።

አብዛኛው ኤሌክትሪክ ከውኃ ከሚመነጭበት አገር መጥቼ ለድንጋይ ከሰል መክፈሌ ከነከነኝ። «ታዳሽ ኃይል» ብዬ ለማኅበሩ ቦርድ ለመወዳደር ወሰንኩ።

እጩ ለመሆን ወይ አስመራጭ ኮሚቴ ይጠቁምሃል፣ ወይ የአባላት ፊርማ ታሰባስባለህ። ኮሚቴውን የሚሰይመው ያው ቦርዱ ስለሆነ ወደ ፊርማው ሄድኩ። ሃምሳ ይበቃ ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ለወዳጆቼ ስነግራቸው «እኛ እያለንልህ!» አሉ። ቁጭ ብለን ስንቆጥር ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ዴንቨርና አውሮራ ነው የሚኖሩት፤ መብራታቸው ኤክሴል ከተባለው የግል ኩባንያ ነው፣ እኔን ሊመርጡ አይችሉም። ድጋፋቸው ቡናና ምርቃት ሆኖ ቀረ። (ምርቃቱን አልጠላሁትም።)

ስለዚህ ክላሴሬን ይዤ የፈረስ መኖ መሸጫው በር ላይ ቆምኩ። በሦስት ቅዳሜ 63 ፊርማ ሰብስቤ ደረቴን ነፍቼ አስገባሁ። ቀኑ ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው ተደወለልኝ፤ 17ቱ ወድቀዋል። ያልከፈሉ ወይም የውሸት ስም የጻፉ መስሎኝ ነበር። አይደለም፤ አብዛኞቹ ሚስቶች ናቸው። ቢሉ የወጣው በባል ስም ብቻ ከሆነ አባሉ ባል ብቻ ነው። ዝርዝሩን ሳየው ከወደቁት አንዷ የገዛ ሚስቴ ነች። አራት ፊርማ ጎድሎኝ፣ በዚያ ስኖው፣ ሁለቱንም ማታ የጎረቤት በር ሳንኳኳ አመሸሁ። በሩ ሲከፈት ከሰላምታ ቀጥሎ የምጠይቀው «ቢሉ በማን ስም ነው የሚመጣው?» ነበር። ስድስት አገኘሁ።

ትልቁ ስህተቴ ግን ሌላ ነው። ከምርጫ ወረቀቱ ጋር በሚላከው መግለጫዬ ላይ «በአምስት ዓመት ግማሹን ከፀሐይ» ብዬ ጻፍኩ። በታተመ በሳምንቱ አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ደወሉልኝ። «ልጄ፣ ውሉን አንብበኸዋል?» አሉኝ። የምን ውል? አልኩ። እሳቸው እንዳስረዱኝ ማኅበራችን ራሱ ኃይል አያመነጭም፤ ከጅምላ አቅራቢ ነው የሚገዛው። ለአሥርት ዓመታት የሚዘልቅ ውል ስላለበት ራሱ ማመንጨት የሚፈቀድለት 5 በመቶ ብቻ ነው። የእኔ ግማሽ በዚያ ውል ሕገ ወጥ ነበር!

ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ሌሎች ማኅበራት ከእንዲህ ያለ ውል እንዴት እንደወጡ ማንበብ ጀመርኩ። ኒው ሜክሲኮ፣ ታኦስ ያለው ኪት ካርሰን የተባለው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2016 ከአቅራቢው ትራይ ስቴት ለመውጣት የተጠየቀውን 37 ሚሊዮን ዶላር አዲሱ አቅራቢው ከፍሎለታል፤ በ2022 ቀን ቀን የሚያስፈልገውን በሙሉ ከፀሐይ ማግኘት ቻለ። እዚሁ ኮሎራዶ ዩናይትድ ፓወር የተባለው ማኅበርም በ2024 ከትራይ ስቴት ወጣ። ያኔ ገባኝ፤ ስለ ፀሐይ የተጣላሁት ከፀሐይ ጋር አልነበረም፣ ከውል ጋር ነው።

ዓመታዊ ስብሰባው በሃይስኩሉ የስፖርት አዳራሽ ነበር፤ ሥጋ ጥብስና ነፃ ኤልኢዲ አምፖል ያለበት። ሦስት ደቂቃ ተሰጠኝ። «ተሳስቼ ነበር፣ የጻፍኩት በውላችን አይቻልም» ብዬ ጀመርኩ። አዳራሹ ጸጥ አለ። ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያስቀመጡ አንድ ስንዴ አምራች እጃቸውን አውጥተው፣ «ፀሐይዋ ስትጠልቅስ?» አሉ። ከአየር ንብረት ጀምሬ ልተነትን ነበር፤ መሐንዲሱ ያስጠኑኝ ትዝ አለኝ። ከአቅራቢው ስንገዛ የምንከፍለው ለተጠቀምንበት ብቻ አይደለም፤ በወሩ ውስጥ ፍጆታችን ጣሪያ ለነካባት ሰዓትም ለብቻ እንከፍላለን። ይቺ ሰዓት በበጋ ሁሉም ከሥራ ገብቶ ኤሲ የሚያበራባት፣ የመስኖ ፓምፑም የማይጠፋባት ምሽት ነች። ባትሪ በርካሹ ሰዓት ተሞልቶ በዚያች ሰዓት ቢለቀቅ ቢሉ ይወርዳል። ሰውየው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ስለ በረዶ ነበር፤ እዚህ የእንቁላል ያህል ስለሚወርድ ፓነሉን ያደቅቀዋል ወይ ነው። ደህና ጥያቄ ነው። በረዶ ሲመጣ ፓነሉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆም ማዞሪያ እንዳለ ነገርኳቸው።

ከዚያ በኋላ «ታዳሽ» የሚለውን ቃል አልደገምኩትም። በየደጁ የምለው ሁለት ነገር ሆነ፦ ውሉ ለአባል ይታይ፣ ከፍተኛዋ ሰዓት ትቀነስ። የድምፅ መስጫው ከቢል ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ሳይከፍተው ይጥለዋል፤ የፖስታውን ፎቶ ስልኬ ላይ ይዤ «ይቺ ስትመጣ አትጣሏት» እያልኩ አሳየሁ። ከአሥር አባል አንዱ እንኳ ሲመርጥ ብዙ በሚባልበት ምርጫ፣ ይቺ ፎቶ ከንግግሬ በላይ የረዳችኝ ይመስለኛል።

በ41 ድምፅ አሸነፍኩ። ከሰባት አንድ ነኝ፤ እስካሁን አንድም ፓነል አላስተከልኩም። የመጀመሪያው ስብሰባ ላይ ውሉን በወፍራም ማህደር ሰጡኝና ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳነብ ሚስቴ ከኋላዬ መጣች።

«እሱን ተወውና መጀመሪያ ስሜን ቢሉ ላይ አስገባ» አለችኝ።

በማግስቱ ደወልኩ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።