ከቴሌስኮፑ በፊት መምህሩ፦ በጎንደር ለሥነ ፈለክ ትምህርት ገንዘብ ያሰባሰብንበት መንገድ

ጎንደር ውስጥ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ጥቂት መምህራን ሆነን ለተማሪዎችና ለሥራ ባልደረቦቻችን የሥነ ፈለክ ሥልጠና ስንጀምር፣ የሄድንበት ሁሉ የሚጠብቀን ጥያቄ አንድ ነበር። "ቴሌስኮፕ አላችሁ?" ርዕሰ መምህሩም ይጠይቃል፣ ወላጁም ይጠይቃል፣ ብር የምንለምነው ነጋዴም ይጠይቃል። እኔ ግን በጀቱን ስሠራ ቴሌስኮፑን የመጨረሻው መስመር ላይ ነው ያሰፈርኩት። ዛሬም ከዚያ መስመር አላነሳውም።

ምክንያቴ ግልጽ ነው። በአንድ ቴሌስኮፕ በአንድ ጊዜ የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነው። አንድ የሠለጠነ መምህር ግን ዘንድሮም፣ ከርሞም፣ ከዚያም በኋላ በርካታ ክፍል ያስተምራል። ዕቃውን ከውጭ ለማስመጣት ደግሞ የውጭ ምንዛሪው አለ፣ ጉምሩኩ አለ። ገብቶም ቢሆን የክረምቱ እርጥበት ሌንሱን ሻጋታ ያስይዘዋል። ሥራ የጀመርነው ከሚያውቁን ሰዎች በተዋስነው ትንሽ ቴሌስኮፕ ነው። ለጨረቃ ጉድጓዶችና ለጁፒተር አራት ትልልቅ ጨረቃዎች ይበቃል።

ሌላው ብዙ ሰው የወደደው ሐሳብ ተማሪዎችን እንጦጦ ወስዶ ማሳየት ነበር። እንጦጦ ያሉት ሁለቱ የ1 ሜትር ቴሌስኮፖች የአገር ኩራት ናቸው፤ ልጆቻችን ቢያዩአቸው ደስ ይለኛል። ግን ከጎንደር አዲስ አበባ በመንገድ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የአንድ አውቶቡስ ጉዞ ወጪ እዚህ በርካታ መምህራንን ያሠለጥናል። ስለዚህ ተውነው።

ታዲያ ለሰጪው ምን አሳየን? እንጨት።

ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12.6 ዲግሪ ላይ ናት። በዚህ ምክንያት ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ በትክክል አናታችን ላይ ትሆናለች። አንዱ ሚያዝያ 15 እና 16 አካባቢ፣ ሌላው ነሐሴ 13 እና 14 አካባቢ ነው። የነሐሴውን ደመና ይወስድብናል፤ የሚያዝያው ግን የእኛ ነው። ያን ቀን 6 ሰዓት ተኩል ገደማ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ ያጣል። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ድረስ የቀትር ጥላ ወደ ደቡብ ይወድቃል። ጥላ ሁልጊዜ ወደ ሰሜን የሚወድቅ ለሚመስለው ተማሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ለመምህሩም እንዲሁ።

ደግሞ ሌላ ዕድል አለን። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ላይ ናት። ልዩነታችን 3.6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይህም የሙሉ ክብ አንድ መቶኛ ማለት ነው። በሚያዝያው ቀን እዚህ ጥላው ሲጠፋ፣ አዲስ አበባ የቆመ የ1 ሜትር እንጨት 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ጥላ ይኖረዋል። እዚያ የሚያስተምር ጓደኛ አለኝ። የእሱና የእኔ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው በከተማቸው ጥላው በጣም በሚያጥርበት ሰዓት ለክተው በቴሌግራም ተላላኩ። ከጥላው ርዝመት የሚወጣው ማዕዘንም ያው 3.6 ዲግሪ ገደማ ነው። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በሰሜንና ደቡብ አቅጣጫ ብቻ ሲታይ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ100 ሲባዛ 40,000 ኪሎ ሜትር ይመጣል፤ የምድር ዙሪያ እኮ ነው! የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ ኤራቶስቴንስ ከ2,200 ዓመት በፊት ግብፅ ውስጥ የሠራው ይህንኑ ነው። የእሱ ልዩነት 7.2 ዲግሪ፣ ማለትም የክቡ አንድ ሃምሳኛ ነበር። የእኛ ለስሌት እንዲያውም ይቀላል።

ገንዘብ ፍለጋ ስወጣ ይዤ የሄድኩት ይህን ነው። ረጅም ፕሮፖዛል ቅዳሜ ገበያ ላለ ነጋዴ አይሆንም። አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሻጭ አዛውንት ዘንድ ገባሁ። "ጋሼ፣ ካርቶን፣ ማስመሪያና ፕሮትራክተር እፈልጋለሁ። ተማሪዎቻችን ምድርን ሊለኩ ነው" አልኳቸው። "ምድርን? በምን?" አሉኝ። ደጃቸው ላይ እንጨት አቁሜ አሳየኋቸው። ዕቃውን ሰጡኝ። ልጆቹ ሲለኩ መጥተው ለማየትም ቀጠሮ ያዙ። ከዚያ በኋላ "ድጋፍ ያድርጉልን" ማለት ትቼ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ የታወቀ ነገር መጠየቅ ያዝኩ። አንዱ ወረቀት፣ አንዱ የምሳ ወጪ፣ ማተሚያ ቤት ያለው የመምህሩን መመሪያ ማባዛት። ሰው የሰጠው ነገር የት እንደዋለ በዓይኑ ሲያይ ደግሞ ይሰጣል። ከከተማዋ ወጥተው ሌላ አገር የሚሠሩ የቀድሞ ተማሪዎችም በዚሁ መንገድ ገቡ።

ከውጭ ለሚገኝ ገንዘብ ግን ሌላ ዝግጅት ያስፈልጋል። የዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት በ2011 እ.ኤ.አ. ኬፕታውን ላይ ሥነ ፈለክን ለልማት የሚያውል ቢሮ ከፍቷል፤ ለፕሮጀክቶችም ጥሪ ያወጣል። ጥሪውን በደንብ አነበብኩት። ቢሮው የሚፈልገው ሥነ ፈለኩ በሰው ኑሮ ላይ የሚያመጣውን ለውጥ ነው። ስለዚህ የራሳችንን ዕቅድ በዚያ ጥያቄ መልሼ ጻፍኩት። የገጠር ትምህርት ቤት ያለ ቤተ ሙከራ ሳይንስ በተግባር ማስተማር ይችላል ወይ? ሴት ተማሪዎች በልኬቱ ሥራ እኩል ይሳተፋሉ ወይ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ለዞኑም፣ ለዩኒቨርሲቲውም፣ ለነጋዴውም ይገባል። ማወቅ ያለባችሁ ሌላም ነገር አለ። በግል ስም ይህን ዓይነት ገንዘብ መቀበል አይታሰብ። ሕጋዊ ሰውነትና የባንክ ሒሳብ ያለው ተቋም ከጎናችሁ ይኑር። የድጋፍ ደብዳቤውንና ማህተሙን ጥሪው ሳይወጣ ጨርሱት፤ ጥሪው ከወጣ በኋላ ቀኑ አይበቃም።

አሁን ወደ አበል ልምጣ። "መምህራን ለትምህርት ፍቅር ሲሉ ይምጡ፣ ለምን ይከፈላቸዋል?" የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ አልስማማም። ከደምቢያ ወይም ከወገራ የሚመጣ መምህር መጓጓዣውን ከደመወዙ ከፍሎ እንዲሠለጥን መጠበቅ ግፍ ነው። ደመወዙን ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ የበጀታችን ትልቁ ክፍል መጓጓዣ፣ ምሳና ራቅ ብሎ ለመጣ ማደሪያ ሆነ። ሰጪዎችም ምክንያቱን በግልጽ ስነግራቸው አልተቃወሙም።

ሥልጠናው ባለቀ ማግስት ገንዘቡም እንዳያልቅ ተጠነቀቅን። ከበጀቱ ላይ መምህሩን በክፍሉ ሄዶ ለማየት፣ ካልተቻለም ስልክ ደውሎ ለመከታተል የሚሆን አስቀርተናል። ለሰጪዎች የምንልከው ሪፖርት አንድ ገጽ ነው። ስንት ሰው እንደሠለጠነ በአንድ መስመር ያልፋል፤ የቀረው መምህሩ ተመልሶ ምን እንዳስተማረ ነው። ደረሰኝ ሁሉ በስልክ ፎቶ ይነሣል፣ ዋናው በፋይል ይቀመጣል። የካርቶኑ ባለቤት አዛውንትም ያው ሪፖርት ይደርሳቸዋል።

ነጻ የሆነ ሀብትም አለን። ጎንደር የአብነት ትምህርት አገር ናት። አንድ የባሕረ ሐሳብ፣ ማለትም የበዓላትና የአጽዋማት ቀን ማስሊያ ሊቅ ጠይቀን ዓውደ አበቅቴ የሚባለውን የ19 ዓመት ዑደት ለመምህራኑ አስረዱልን። ፀሐይና ጨረቃ ከ19 ዓመት፣ ማለትም ከ235 የጨረቃ ወራት በኋላ እንዴት እንደሚገጣጠሙ በጣታቸው እየቆጠሩ ሲያሳዩ፣ የሒሳብ መምህራኑ ደብተር አውጥተው ይጽፉ ነበር። ለዚህ የውጭ አሠልጣኝ አያስፈልግም።

የማታውን ፕሮግራም አሳጥረነዋል። ልጆች፣ በተለይ ሴቶች፣ ማታ እንዲያመሹ ወላጅ አይፈቅድም፤ ልክም ነው። ስለዚህ ጨረቃ እየሞላች ሄዳ ግማሽ የምትሆንበትን ሳምንት እንመርጣለን። ፀሐይ ስትጠልቅ ጨረቃዋ ከፍ ብላ ትገኛለች፣ ጉድጓዶቿም ጎልተው ይታያሉ። 1 ሰዓት ተኩል ላይ ሁሉም ቤቱ ይገባል። ሰማዩ ጥርት የሚለው ከጥቅምት እስከ የካቲት ስለሆነ ገንዘቡ መስከረም ላይ እጃችን መግባት አለበት። ልመናውን የምንጀምረውም ለዚሁ ብለን በሚያዝያው የጥላ ቀን ነው።

አሁን የምንዘጋጀው ለሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. ነው። ያን ቀን ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ በግብፅ፣ በሳዑዲ ዓረቢያና በየመን ያልፋል፤ እኛ ጋ ከቀትር በኋላ በከፊል ይደርሳል። በ2012 ዓ.ም. ሰኔ 14 የቀለበት ግርዶሹ ላሊበላ ላይ ሲያልፍ ትምህርት ቤቶች በኮሮና ተዘግተው ነበር። የአሁኑም በክረምት ነው፤ ደመና ሊኖር ይችላል፣ ተማሪም እረፍት ላይ ነው። መምህራን ግን ለክረምት ሥልጠና ይሰበሰባሉ። ስለዚህ ሥልጠናውን ከዚያ ሳምንት ጋር አገጣጥመን፣ ለእያንዳንዱ መምህር ደረጃውን የጠበቀ የግርዶሽ መነጽርና በካርቶን የሚሠራ፣ የፀሐይን ምስል በትንሽ ቀዳዳ አሳልፎ ወረቀት ላይ የሚጥል የቀዳዳ ማሳያ እንዲደርሰው በጀት ይዘናል። የ1 ሜትር ርዝመት ያለው የካርቶን ቱቦ 9 ሚሊ ሜትር ያህል የፀሐይ ምስል ይሰጣል። ካርቶኑ ተገኝቷል። የቀረን የመነጽሩ ነው።