ጎማው ከናቲ ጋር እኩል ነበር

ኖቬምበር በገባ ቁጥር ስልኬ አንድ ፎቶ ያወጣብኛል። ልጄ ናቲ ከአንድ የአውሮፕላን ጎማ አጠገብ ቆሟል። ጎማው ከሱ ጋር እኩል ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ ሰማያዊ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ይስቃል። ፎቶውን ያነሳሁት ጠዋት አራት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው። ያ አውሮፕላን ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ዓይናችን እያየ ለሁለት ተቆርጦ ወደቀ።

ስለዚያ ቀን ብዙ ሰው ጠይቆኛል፤ እስከ ዛሬ ግን ለማንም በቅጡ አልተናገርኩም።

ያደግሁት ቢሾፍቱ ነው። አባቴ የአየር ኃይል ቴክኒሻን ነበር። እኛ የሰፈሩ ልጆች ቀና ብለን ሳናይ በድምፁ ብቻ የትኛው አውሮፕላን እንደሆነ እንለይ ነበር። አባባ ወጣት ሆኖ ሲቀጠር፣ በ1940 ዓ.ም. አካባቢ ከስዊድን የመጡት ሳብ ቢ-17ዎች ገና ጨርሰው አልወጡም ነበርና ስለነሱ ሲያወራ አድጌያለሁ። የአሜሪካኖቹም ቦምብ ጣይ ቢ-17 ይባላል። ከስሙ በቀር የሚያገናኛቸው የለም፤ የስዊድኑ ባለ አንድ ሞተር ነው፣ የአሜሪካው ባለ አራት። እኔ ግን ይህን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው። ልጅ ሳለሁ የአሜሪካኑን ፎቶ ባየሁ ቁጥር «የአባባ አውሮፕላን» እል ነበር። ስለዚህ ዳላስ ውስጥ በአየር ትርኢት ላይ ቢ-17 እንደሚበር ስሰማ ናቲን ይዤ ዳላስ አጠገብ ካለችው ከጋርላንድ በጠዋት ተነሳሁ። ቅዳሜ ኅዳር 3 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 12 ቀን 2022። የአርበኞች ቀን ሰሞን ነው፤ አሮጌ ወታደሮች ኮፍያቸውን አድርገው፣ የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው መጥተዋል።

ከሰዓት በኋላ የሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፕላኖች ተነሱ። የቢ-17ቱን ሞተሮች ድምፅ እንዴት ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም። ጆሮ አይበሳም፤ ደረት ውስጥ ገብቶ ነው የሚያንጎራጉረው። ቪዲዮ መቅዳት ጀመርኩ፤ ለአባባ ልልክለት ነበር።

ሰባት ሰዓት ከሃያ አለፍ ብሏል። ቦምብ ጣዩ ከፊታችን ቀጥ ብሎ እየመጣ ነው። ተዋጊዎቹ ከኋላው በግራ በኩል እየዞሩ ይመጣሉ። ከነሱ አንዱ፣ ፒ-63 ኪንግኮብራ የሚባለው፣ ወደ ግራ አዘንብሎ ሆዱን ለትልቁ አውሮፕላን ሰጥቷል። በስልኬ ስክሪን ትንሽ ነጥብ ናት፤ ፈጥና ወረደች። «ተጠጋው» ለማለት አፌን ከፈትኩ፤ አልጨረስኩትም። ከክንፉ ኋላ ገባችበት። እሷ እንዳለች ብትንትኗ ወጣ። ቢ-17ቱ ከመካከሉ ተቆረጠ፤ ጭራው ለብቻው ቀረ፣ የፊቱ ክፍል ከነክንፉ ተደፍቶ ወረደ። ከዚያ እሳቱ።

በሺህ የሚቆጠር ሰው ባለበት ሜዳ ለአንድ አፍታ ምንም አልተሰማም። ሰማይ ላይ የቀሩት ሌሎች አውሮፕላኖች ድምፅ ብቻ። ከሁሉም አእምሮዬ ውስጥ የቀረው አንድ ቁራጭ አሉሚኒየም ነው፤ ሁሉም ወድቆ ካለቀ በኋላ እንደ ቅጠል እየተገላበጠ፣ ፀሐይ ሲነካው ብልጭ እያለ፣ ቀስ ብሎ ይወርድ ነበር። ናቲም እሱን ነው ያየው። «አባዬ፣ እሱ ውስጥ ሰው አለ?» አለኝ። «የለም» አልኩት። ስለዚያ ቁራጭ ብቻ ስለጠየቀኝ እግዚአብሔርን አመሰገንኩ።

ከጎናችን ተቀምጠው የነበሩ አንድ ሽማግሌ ተነስተው ኮፍያቸውን አወለቁ። ድምፅ ማጉያው ረጋ እንድንል ይለምናል። ስባሪው አጠገቡ ያለው ሀይዌይ 67 ላይ ሳይቀር ወድቆ ስለነበር መንገዱ ተዘግቶ ብዙ ሰዓት መኪና ውስጥ ቆየን። ቦምብ ጣዩ ውስጥ አምስት፣ ተዋጊው ውስጥ አንድ፣ ስድስቱም ሞተዋል። መሬት ላይ የነበረ ማንም አልተጎዳም፤ እኔና ልጄም በሕይወት የተመለስነው በዚያ ነው።

ማታ አባባ ጋ ደወልኩ። ነገርኩት። መጀመሪያ የጠየቀኝ «ጃንጥላ የከፈተ አለ?» ብሎ ነው። «የለም አባባ፣ ጊዜም አልነበረም» አልኩት። ረጅም ጊዜ ሲተነፍስ ብቻ ይሰማኛል። «ነፍስ ይማር» አለ፣ «ነፍስ ይማር፣ ልጄ።»

ያቺ ቪዲዮ አርባ ሰከንድ ናት። የሌሎች ሰዎች ቪዲዮ በአንድ ሰዓት ውስጥ የኛ ሰዎች የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ ሳይቀር ገብቶ ነበር። እኔም እንዳለኝ ያወቁ ላክልን አሉ፤ አልሰጠሁም። እዚያ ቪዲዮ ላይ ስድስት ሰዎች ይሞታሉ፤ ቤተሰቦቻቸው አሉ። መርማሪዎቹ ከሕዝብ ምስል ሲጠይቁ ግን ለነሱ ላክሁ፤ ከዚያ ከስልኬ አጠፋሁት። ስልኬ ፎቶውን ብቻ ነው የሚያስታውሰኝ።

አደጋውን የመረመረው የአሜሪካ ብሔራዊ ትራንስፖርት ደህንነት ቦርድ የመጨረሻ ሪፖርት ዲሴምበር 2024 ወጣ። ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ አንብቤም ተናደድኩ። ተዋጊዎቹ ከተመልካቹ 500 ጫማ፣ ቦምብ ጣዮቹ 1,000 ጫማ ርቀው እንዲያልፉ ተነግሯቸዋል። ወደ ጎን ያለው ርቀት ይህ ነው። ወደ ላይ ግን እነማን በምን ያህል ከፍታ እንደሚበሩ አስቀድሞ የተቆረጠ በቂ ዕቅድ አልነበረም። ኤር ቦስ የሚባለው ሰው ከመሬት ሆኖ በሬዲዮ እያዘዘ፣ አብራሪዎቹም ዓይተው እንዲተላለፉ ነው የታሰበው። ግን እንዴት ዓይተው? ያዘነበለ አውሮፕላን ክንፉና አካሉ ያጋርዱበታል፤ እኔ በስልክ ስክሪን ሆዱን ያየሁትን አውሮፕላን የሚያበረው ሰው ከሆዱ በላይ ተቀምጦ ከሥሩ ያለውን ሊያይ አይችልም ነበር። ሪፖርቱም የዕይታውን መጋረድ ጽፎታል።

ይህን ለአባባ በስልክ እየተረጎምኩ አነበብኩለት። ሰባ ስምንት ዓመት ሆኖታል፤ ጆሮው ደከም ስላለ ሁለቴ አስደገመኝ። «የከፍታ ጉዳይ መሬት ላይ ነው የሚያልቀው» አለ። «አየር ላይ ከወጡ በኋላ ስለ ከፍታ አይወራም።» ድምፁን ከፍ ሲያደርግ ከሰማሁት ብዙ ጊዜ ሆኖኛል።

ከዚያ ዝቅ ብሎ «ከአምስቱ መካከል ቴክኒሻኑ ነበረበት?» ሲል ጠየቀኝ።

ነበረበት። የአውሮፕላኑ የጥገና ኃላፊ አብሮ በርሯል። ስድስቱም ደመወዝ የማይከፈላቸው በጎ ፈቃደኞች ነበሩ፤ ይህንንም ነገርኩት።

«ሞተሮቹ እስከ መጨረሻው ድምፃቸው ደህና ነበር?»

«ደህና ነበር አባባ። አራቱም።»

«እሱ የሱን ሠርቶ ነበር» አለኝ፣ ከዚያም ናቲን አቅርብልኝ አለ።